ብስኩት አድርሼ ልመለስ ብዬ

ከሌሊት ሥራ ገብቼ ጫማዬን በወጉ ሳላወልቅ ነው ስልኬ የጮኸው። በረዶ ስለጣለ ትምህርት ቤት ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይከፈታል። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ሜሪላንድ ውስጥ መንገዱ ትንሽ ነጣ ካለ የቤተሰቡ ቀን በሙሉ ይዛባል። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። ዊንተር ብሬክ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ደግሞ ከትምህርት ቤት የማይመጣ ወረቀት የለም፦ በዚህ ቀን ፒጃማ ለብሰው ይምጡ፣ በዚያኛው ባዶ የወተት ካርቶን ይያዙ፣ ለነገ ግራሃም ክራከር የሚባለውን ብስኩት ላኩልን። ለነገሩ ወረቀቱ በአማርኛም ይመጣል፤ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኩትን መልእክት ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ የኛ ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ሐሳቤ ብስኩቱን ቢሮ አስቀምጬ፣ ልጄን ስሜ፣ ተመልሼ መተኛት ነበር። ቢሮ ያለችው ሴትዮ ግን መታወቂያዬን ተቀብላ የእንግዳ ምልክት ደረቴ ላይ ለጠፈችልኝ። ያንን ለጥፎ ኮሪደር ላይ የታየ ሰው የት ያመልጣል? ልታግዝ የነበረችው ወላጅ በረዶ አግዷት ቀርታ ኖሮ መምህሯ ስታየኝ ፊቷ በራ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይላል ያገራችን ሰው፤ እኔ ግን ተጠርቼም ተልኬም ስለነበር እንቢ የምልበት አንደበት አጣሁ። ለሰባት ዓመት ልጅ በተሠራች ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ከጠረጴዛው በላይ ቀረ።

መምህሯ ስለ ዊልሰን ቤንትሌይ እያነበበችላቸው ነበር። ቬርሞንት ውስጥ የኖረ ገበሬ ነው። ካሜራውን ከማይክሮስኮፕ ጋር አያይዞ በ1885 የአንዲት የበረዶ ቅንጣት ፎቶ አነሳ፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ከ5,000 በላይ አንስቷል። አንድ ልጅ እጁን አወጣና ለምን ሁሉም ስድስት ጎን ሆኑ አለ። ውኃ ሲቀዘቅዝ ሞለኪውሎቹ ስድስት ጎን እየሠሩ ስለሚያያዙ ነው አለችው። ይህን እኔ በዚያ ዕድሜዬ አልሰማሁትም።

ከዚያ ወረቀትና መቀስ ታደለ። ወረቀቱ ለሁለት ይታጠፋል፣ የታጠፈው እንደገና ለሦስት፣ ከዚያ ይቆረጣል። እኔም ቆረጥኩ። ስዘረጋው የነበረኝ ወረቀት ቁርጥራጭ ሆኖ ጭኔ ላይ፣ ጫማዬ ላይ፣ አጠገቤ በተቀመጠችው ልጅ ሙጫ ላይ ተበተነ። ጠረጴዛው ጭጭ አለ። ልጄ ቀስ ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ጆሮዋ ሲቀላ ይታየኛል። ያቺ አጠገቤ ያለችው ልጅ ግን ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ለቅማ የራሷን ዘርግታ አሳየችኝ። «የታጠፈው ጎን ከዳር እስከ ዳር አይቆረጥም፤ የሚያያይዘው እሱ ስለሆነ ትንሽ ትንሽ ይተውለታል» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ። ሁለተኛ ወረቀት ወስጄ እሷ እንዳለችው አደረግኩ። የወጣው የበረዶ ቅንጣት አሁንም የክፍሉ መስኮት ላይ አለ።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ እነዚህ ልጆች ያቦኩትን ግን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። በወተት ካርቶኑ ዙሪያ ብስኩቱን በስኳር ክሬም እየለጠፉ ቤት ይሠራሉ። ክሬሙ የማይደርቀው ዓይነት ስለነበር ጣሪያው እየተንሸራተተ ይወርዳል። ማንም አላለቀሰም። አንደኛው ቡድን የጣሪያውን ቁልቁለት ቀነሰ፤ ሌላኛው ብስኩት በሰያፍ ሰብሮ ከሥር ደገፈው፤ ከዚያ የማን እንደቆመ፣ የማን እንደወደቀ፣ ለምን እንደሆነ ጻፉ። ቀደም ብለው ደግሞ አይሁዶች በሐኑካ የሚጫወቱባትን፣ በየጎኗ ፊደል ያለባትን ባለ አራት ጎን እንዝርት እያሾሩ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደወጣ ግራፍ ሠርተው ግድግዳው ላይ ሰቅለዋል። ይሄ ሁሉ ከውጭ ሲያዩት ጨዋታ ነው።

ልወጣ ስል መምህሯ ስለ ገና ንገራቸው አለችኝ። ገናችን ታኅሣሥ 29 ነው፣ በእናንተ ጃንዋሪ 7፤ ዓመታችን 13 ወር አለው፤ አሁን ከእናንተ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ነን፣ ጃንዋሪ ሲገባ ስምንት ይሆናል አልኳቸው። ክፍሉ ተናወጠ። መምህሯ ኢትዮጵያ ብትሄድ በዕድሜ ታንሳለች ወይ? ግማሾቹ አዎ፣ ግማሾቹ አይሆንም። መምህሯ ቾኳን አንስታ ቅነሳውን ሰሌዳው ላይ ጻፈች። እስከዚያ ድረስ ድምፁን ያልሰማሁት ልጅ ከኋላ፣ «የተወለደችበት ዓመትም እኮ አብሮ ይቀንሳል!» አለ። ቀኑን ሙሉ ከሰማሁት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። የልጄ ጆሮ በዚያ ሰዓት ወደ መልኩ ተመልሷል፤ እጇን አውጥታ፣ «በገናችን ቀን ግን ትምህርት አለ» አለች። መምህሯ ቀኑን ካላንደሯ ላይ አከበበችው።

እናንተም ልጆች ያላችሁ፣ የአውሮፕላን ቲኬት ረከሰ ብላችሁ ወይም አሁን ምን ይማራሉ ብላችሁ ከዊንተር ብሬክ በፊት ባለችው ሳምንት ከትምህርት አታስቀሯቸው። የምታስቀሯቸው በገና ይሁን። ጃንዋሪ 7 በሥራ ቀን ሲውል እዚህ ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው፤ በሜሪላንድ ደንብ ግን ለሃይማኖት በዓል የቀረ ተማሪ በፈቃድ እንደቀረ ይቆጠራል። ከእረፍቱ በፊት ለመምህራቸው ሁለት መስመር ጻፉ።