ሙከራዎን ሳያሸንፉ እንዳይመለሱ

ሽፋሽፍት ወደ ዐይን እንዳይቀለበስ የሚሰጡት መድኃኒትዎ እንደሚሠራ አስቀድመው ወስነዋል፤ የቀረው ሙከራው ብቻ ነው። ፍኖተ ሰላም አልጋ ይዘው፣ መኪና ተከራይተው፣ ለመረጃ ሰብሳቢዎቹ አበል አስፈርመው ሲያበቁ «ልዩነት አልተገኘም» የሚል ሪፖርት ተሸክመው ቢመለሱ ማን ያከብርዎታል? ስለዚህ ይስሙኝ፣ ዶክተር።

መጀመሪያ፣ እውነተኛውን ክኒን ማን እንደወሰደ፣ ማስመሰያውን ማን እንደወሰደ አገር ይወቀው። ዝርዝሩን ጤና ጣቢያው በር ላይ ይለጥፉት። ሁለቱ ክኒኖች በመልክም በጣዕምም ይለያዩ። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሠራተኞች ላይ ቫይታሚን ሲ ለጉንፋን ይበጅ እንደሆነ ሲሞከር (ውጤቱ በፈረንጆቹ 1975 ታትሟል)፣ ብዙዎቹ እንክብሉን ከፍተው ቀመሱት፤ የኮመጠጠው ቫይታሚን፣ የጣፈጠው የወተት ስኳር ነበር። ባወቁት ላይ ቫይታሚኑ ጉንፋን የሚያሳጥር መሰለ፤ ባላወቁት ላይ ልዩነቱ ጠፋ። ቅምሻ እንዲህ ይጠቅማል።

የእነ ዶክተር ኢስማኤል ሀብታሙን መንገድ እንዳይከተሉ። በ2008 ዓ.ም. በአማራ ክልል፣ ትራኮማ የቀለበሰውን ሽፋሽፍታቸውን በቀዶ ሕክምና ያስተካከሉ 1,000 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉና ለግማሹ በቀን 100 ሚሊ ግራም ዶክሲሳይክሊን፣ ለግማሹ ማስመሰያ፣ ለ28 ቀን ሰጡ። ታካሚውም መርማሪውም የቱ የቱ እንደሆነ አያውቁም። መድኃኒቱ በላቦራቶሪ ጠባሳን ይገታል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ነበር። ታዲያ በዓመቱ ሽፋሽፍቱ ዳግም የተቀለበሰባቸው በሁለቱም ወገን 12 በመቶ ገደማ ሆኑ። አዩት ክስረቱን! ምድቡን ትንሽ ሹክ ቢባባሉ ኖሮ ሁለት ሦስት በመቶ የት ይጠፋ ነበር?

ዋናው ግን ጠያቂው ነው። መድኃኒቱን ያደለው ልጅ ራሱ ይጠይቅ። ነጭ ጋውኑን ለብሶ ሽንዲ ድረስ ይሂድና «እማማ፣ መድኃኒታችን ተሻለዎት አይደል?» ይበል። እማማ ቡና አፍልተው የተቀበሉትን ልጅ ፊት ለፊት «አልጠቀመኝም» የሚሉ ይመስልዎታል? «ተመስገን፣ ዕድሜ ይስጥልኝ ልጄ» ይላሉ። ቅፁ ላይ፦ «በጣም ተሽሏቸዋል»።

ማስመሰያውን የወሰዱት ጎረቤታቸውም «ተመስገን» ካሉ ግን ልጁ እንዳይቸኩል። «እሱስ የሁሉ ወግ ነው፤ ግን ማታ ማታ አይቆረቁርዎትም? ፀሐይ ሲያዩስ? ጭስ ሲነካዎትስ?» እያለ እስኪያምኑ ያድርቃቸው። ለአንዷ አንድ ጥያቄ፣ ለሌላዋ ሰባት።

ቀጥሎ ባትሪውን አብርቶ ሽፋሽፍት ይቁጠር። በመድኃኒትዎ ወገን አንዲት ፀጉር ዐይን ላይ ተኝታ ቢያገኝ «ተጠግታለች እንጂ አልነካችም» ብሎ ይለፋት። በወዲያኛው ወገን የተጠጋችውን «ነክታለች» ይበል። ምንም ካጣ ደግሞ «ትናንት በወረንጦ ነቅለውት ይሆናል» ብሎ ይጻፍ።

«እኔ ሆን ብዬ አልዋሽም» ይሉኛል። አንተ ሰውዬ፣ ማን ዋሸህ አለህ? ሌባማ አንድ ቀን ይያዛል! የሚያስፈራው መድኃኒቱን የሚወድ፣ ለታካሚው የሚያዝን፣ ዐይኑ የተመኘውን የሚያይለት ደግ ሰው ነው። በካናዳ አንድ የነርቭ በሽታ ሙከራ ላይ፣ ውጤቱ በፈረንጆቹ 1994 ታትሟል፣ እነዚያኑ ታካሚዎች ምድቡን የሚያውቁም የማያውቁም ሐኪሞች መረመሯቸው። የሚያውቁት ሕክምናው ሲጠቅም አዩ፤ የማያውቁት ምንም አላዩም። እነዚያ ሐኪሞች ቀጣፊዎች ነበሩ? ከእነሱ ትበልጣለህ? ከምድቡ ዝርዝር ላይ እጅህን አንሳ!

ይቅርታ፣ ዶክተር፤ ወደ ምክሬ ልመለስ።

ቀዶ ሕክምና ከሆነ «ይህማ አይደበቅም» ብለው ይገላገሉ። እርግጥ በ2006 ዓ.ም. እዚሁ ምዕራብ ጎጃም፣ ሽፋሽፍትን የሚያስተካክሉ ሁለት ዓይነት ቀዶ ሕክምናዎች በ1,000 ሰው ላይ ሲወዳደሩ፣ ቀዳጁ የሠራውን ማወቁ ባይቀርም በ6ኛውና በ12ኛው ወር የመረመሩት ሰዎች ምድቡን አያውቁም ነበር። ስለዚህ በአንዱ 22፣ በሌላው 13 በመቶ ተመልሶ ተቀለበሰ ሲባል «መርማሪው አዳልቷል» የሚል አፍ ጠፋ። እርስዎ ምን ጣጣ ውስጥ ያስገባዎታል? ቀዳጁ ራሱ ይመርምር፤ የእጁን ሥራ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል?

በ2007 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም በ696 የዝሆኔ ሕሙማን ላይ የተሞከረው እግር አጠባ፣ ሳሙናና ጫማ ያለበት ነውና እውነትም የሚደበቅ አልነበረም። ያንን ሰበብ ለክኒንዎ ይዋሱት።

ቁጥር የሚሠራው ልጅ ምድብ «ሀ» የትኛው እንደሆነ ከጠየቀ ይንገሩት። ባይጠይቅም ይንገሩት። ሪፖርቱ ላይ ግን «ታካሚውም መርማሪውም ምድቡን አያውቁም ነበር» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር እንዳይረሷት፤ ደግሞ ማን ቡሬ ድረስ ወርዶ ያጣራል?