ካርድ የሚቆጥር ጠፋ

መሸነፍ ለእኛ ብርቅ አይደለም። የብሔራዊ ቡድናችን የዋልያዎቹ ደጋፊ ሆኖ ያደገ ሰው ሽንፈትን ከልጅነቱ ለምዶታል። እሑድ ይሸነፋል፣ ሰኞ አንገቱን ደፍቶ ሥራ ይገባል፣ ለሚቀጥለው ጨዋታ ደግሞ እንደገና ማልያውን ያጥባል። ልለምደው ያልቻልኩት ኳስ ሳይነካ ቢሮ ውስጥ የምንሸነፈውን ሽንፈት ነው። እሮሮዬም በእሱ ላይ ነው፤ ብቻዬንም እንዳልሆንኩ አውቃለሁ።

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. የትኛው ደጋፊ ይረሳታል? ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫ የቀረን የናይጄሪያ ደርሶ መልስ ብቻ ነበር። ሰው ለትኬት ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ አዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ ሲሰለፍ አድሯል። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ ሳይባል የመቀመጫ ክፍሉ ሁሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከፊታችን የቆመው የወቅቱ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነው፤ ልጆቻችን ግን አልፈሩትም። በመጀመሪያው አጋማሽ ሳላዲን ሰይድ የመታት ኳስ መስመሩን አልፋለች ብለን ከመቀመጫችን ተነሥተን ጮኽን፤ ዳኛው አላጸደቀም። ከእረፍት መልስ በኃይሉ አሰፋ ያሻማት ኳስ ግብ ጠባቂውን ቪንሰንት ኢንየማን አታልላ መረቡ ውስጥ ገባች። የማያውቀውን ሰው አቅፎ ያላለቀሰ አልነበረም።

ከዚያ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ አደረገ። እሱንም ቻልነው። በ90ኛው ደቂቃ ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠብንና ያው ኢሜኒኬ አስቆጠረ፤ 1 ለ 2። ኅዳር ላይ ካላባር ተጉዘን 2 ለ 0 ተሸነፍንና የብራዚል ነገር በዚያው አበቃ። እንዲህ ያለውን ሽንፈት እውነቱን ለመናገር እቀበለዋለሁ። የተሻለ ቡድን ነበር፤ ልጆቹም አቅማቸው እስኪያልቅ ሮጠዋል። ለሮጠ ልጅ ማጨብጨብ እንጂ መራገም አይገባም።

የሚያንገበግበኝ ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ስናሸንፍ የማጣሪያ ምድባችንን በ13 ነጥብ ማለፋችንን አረጋግጠን ነበር። ከተማው በመኪና ጥሩምባ ደነቆረ፤ ሰው መስቀል አደባባይ ላይ ሲጨፍር አመሸ። በዚያው ቀን ፊፋ ምርመራ መክፈቱን ሰማን። ምንያህል ተሾመ በማጣሪያው ሁለት ቢጫ ካርድ ስለነበረበት የቦትስዋናው የመልስ ጨዋታ ሊያልፈው ይገባ ነበር፤ እሱ ግን ተሰልፎ ተጫውቷል። ሜዳ ላይ 2 ለ 1 ያሸነፍነው ጨዋታ 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ተቆጠረና ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። ፌዴሬሽኑም ጥፋቱን አመነ።

እስቲ አስቡት። ካርድ ለመቁጠር የአውሮፓ አሠልጣኝ አይጠይቅም፣ በጀት አይጠይቅም፣ የሣር ሜዳ አይጠይቅም። አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃዋል። ከቡድኑ ጋር አውሮፕላን ከተሳፈረው የልዑካን ብዛት መካከል ያቺን ደብተር የያዘ አንድ ሰው ጠፋ። ሦስቱ ነጥብ ከማጣሪያው ባያስወጣንም ክረምቱን በላው። ለናይጄሪያ መዘጋጃ የሚሆነውን ጊዜ ነጥብ ስናሰላ ፈጀነው፤ ጳጉሜን ላይ ብራዛቪል ሄደን መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 እስክናሸንፍ ድረስም ትንፋሻችንን ይዘን ቆየን። አልቆ የነበረ ሥራ እንደገና ተሠራ።

ኋላ ማን ተጠየቀ? ቡድኑን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቁት አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው በዚያው በ2006 ተሰናበቱ። አሠልጣኝ በውጤቱ ይመጣል፣ በውጤቱ ይሄዳል፤ የሙያው ጠባይ ነውና አልከራከርም። የወረቀቱን ሥራ ያበላሸውስ? ለደጋፊው ወጥቶ «ይህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ያለ ሰው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ አልደረሰም። እኛ ዘንድ ጥፋት ሁልጊዜ «የጋራ» ነው፤ የጋራ የሆነ ጥፋት ደግሞ ባለቤት የለውም፣ ባለቤት የሌለው ጥፋት ይደጋገማል።

ተደገመም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሜዳዎቻችን ደረጃውን አያሟሉም ብሎ ከዘጋብን በኋላ ዋልያዎቹ ለዓመታት አገር አልባ ሆነው ቆዩ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን፤ ዳዋ ሁቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ስንት ዓመት የናፈቅነው ድል ነበር! የት ሆኖ ነው? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። በሜዳችን ተጫወትን ተብሎ ተመዘገበ፤ ካታንጋ ግን ባዶዋን ነበረች። መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ያንኑ ግብፅ በእኛ «ሜዳ» ስንገጥም ደግሞ ሜዳው ካዛብላንካ ነበር፤ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ልጆቹ የአገራቸው ሰው ስማቸውን እየጠራ ሲጮህላቸው ሳይሰሙ፣ ለእንግዳም ለባለሜዳም የማይሆን ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። ደጋፊው ሰፈር ውስጥ በስልክ ስክሪን ላይ ተደራርቦ ያይ ነበር፤ ኔትወርኩ ሲቆረጥ የገባብንን ግብ ከጎረቤት ቤት ጩኸት ይሰማ ነበር።

ይህ የደረሰው ደግሞ በማን ላይ ነው? ካፍን እ.ኤ.አ. በ1957 ከመሠረቱት አገሮች አንዷ በሆነችው ኢትዮጵያ። በ1954 ዓ.ም. በገዛ ሜዳችን ያንኑ ግብፅ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳነው እኛው ነን። የካፍን ፕሬዚዳንትነት እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የያዙት ይድነቃቸው ተሰማ የእኛው ሰው ናቸው። ለአህጉሩ ደንብ ያወጣ አገር ልጆች ደንብ ባለማሟላት ከቤታቸው ተባረሩ። ካፍ የሚጠይቀው ደግሞ ተአምር አይደለም፤ ደህና ወንበር፣ ደህና መልበሻ ክፍል፣ ደህና መብራት፣ ደህና ሣር ነው። ከእኛ ድሃ የሆኑ አገሮች አሟልተውታል።

ሰው ሁሉ «ኳስ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ» ይለኛል። ኳስ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ባዶ እግሩን ኳስ ሲያባርር የሚውል የሰፈር ልጅ ብሔራዊ ቡድኑን በዓይኑ ሳያይ አደገ። እኛ በካታንጋ አጥር ተንጠላጥለው ተጫዋቹን መንግሥቱ ወርቁን ያዩ አባቶቻችንን ወሬ እየሰማን አደግን፤ እሱ ማንን አይቶ ይደግ? ማልያ ለብሶ ስታዲየም የሚሄድበት እሑድ ከሌለው ነገ የእንግሊዝ ክለብ ደጋፊ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ አልፈርድበትም።

ዓለም ዋንጫ አምጡልን አላልንም። ናይጄሪያን አሸንፉ፣ ግብፅን በየዓመቱ ርቱ አላልንም። ልጆቹ መሸነፍ ካለባቸው ሜዳ ላይ፣ በሰው ፊት፣ ላባቸውን አፍስሰው ይሸነፉ፤ ያኔ ደጋፊው ራሱ ያጽናናቸዋል። ከኃላፊዎቹ የምንፈልገው ከዚህ ያነሰ ነው። ካርዱን የሚቆጥር፣ ሜዳውን የሚያስፈቅድ፣ ስሙ በአደባባይ የሚታወቅ፣ ሲያጠፋም እንደ አሠልጣኙ የሚሰናበት ሰው መድቡልን።