«ባዶ ሜዳ» ላሉት መልስ

«ኤርፖርቱ አጠገብ ያ ሁሉ ባዶ ሜዳ ተኝቶ፣ ትምህርት ቤት ቦታ አጣ ይባላል?» የሚል ሰው የትም አገር አይጠፋም። ወልድያ ቡና ላይ፣ መርሳ ብርቱካን ተራ፣ የኤርፖርት ወሬ ሲነሳ ይህችም አብራ ትነሳለች። ምላስ ይዘን ዝም ማለት አይሆንም፤ እንመልስ።

ባዶ ነው አሉ፣ አያ? የተያዘ ነው እንጂ! የያዘው አውሮፕላን የሚሳሳትበት ቀን ነው። ከማኮብኮቢያው ጫፍ ወዲያ ያለው መሬት ክፍት የተተወው ተረስቶ አይደለም። መነሳት አቅቶት ያለፈ ወይም ሳይደርስ የወረደ አውሮፕላን ሰው ላይ እንዳይወድቅ ነው።

«አውሮፕላን በሰማይ፣ ትምህርት ቤት በምድር፤ ምን አገናኛቸው?» መነሻውም ማረፊያውም ምድር ነዋ! አደጋ የሚበዛውም እዚያው ሲነሳና ሲያርፍ ነው። ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ሕንድ አህመዳባድ ላይ የኤር ኢንዲያ አውሮፕላን ከተነሳ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው የሕክምና ኮሌጅ ማደሪያ ላይ ወደቀ። ተማሪዎቹ ምሳ ቀርቦላቸው ነበር። ከተሳፋሪው ሌላ ምድር ላይ የነበሩ 19 ሰዎች ሞቱ። ወር ከሳምንት ቆይቶ ሐምሌ 14 ቀን ባንግላዴሽ ዳካ ላይ ለልምምድ የተነሳ የጦር ጄት ማይልስቶን ትምህርት ቤት ላይ ተከሰከሰ። ከ30 በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። እነዚያም ወላጆች ጠዋት ደብተር አስይዘው የላኩ ናቸው።

«እሱ የሰው አገር ነው» ይሉ ይሆናል። እሺ፣ ወደ ራሳችን ክልል እንምጣ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሊበር የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ገና ከመሬት ሲላቀቅ የእርግብ መንጋ ገባበት። ሁለቱም ሞተሮች ከዱት። ወደ ባሕር ዳር ልመለስ ቢል አልሆነለትም፤ ከከተማው ውጭ ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈና ተቃጠለ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፣ 69ኙ ተረፉ። ያ ሜዳ ሜዳ ባይሆን ኖሮ፣ የስንት ክፍል ተማሪ ስም እንጠራ ነበር?

እርግብ ስል ሌላ ነገር አለ፣ እትዬ፤ ይህን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ትምህርት ቤት ባለበት ምሳ አለ፤ ምሳ ባለበት ፍርፋሪ አለ። ቆሎ ይበተናል፣ የእንጀራ ቁራሽ ይጣላል፣ ደወል ሲደወልና ግቢው ጸጥ ሲል እርግቡም ቁራውም ከጣራው ይወርዳል። ጭላቱም ተከትሎ ያንዣብባል። ልጆቹን አውሮፕላኑ ብቻ አያሰጋቸውም፤ እነሱም ሳያውቁት ለአውሮፕላኑ ስጋት ይሆናሉ። ኳሷስ? አጥር ዘላ ከገባች ማን ያመጣታል? ስድስተኛ ክፍል ያለ ልጅ ነዋ፣ ሽቦውን አንስቶ ከሥሩ ሾልኮ!

«ድምፁን ይለምዱታል።» ይህን የሚለው ሰው መርሳ መሐል ያስተማረ መምህር አያውቅም። ከወልድያ ደሴ የሚሄደው አስፋልት ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። ተሳቢ መኪና ማርሽ ሲቀይር መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ አፉን ይዘጋል፤ ካለፈ በኋላ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ከሥር ይጀምራል። ልጁ ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ረስቶታል። ይህ መኪና ነው፤ ጄቱን አስቡት። በለንደን፣ በአምስተርዳምና በማድሪድ ኤርፖርቶች ዙሪያ ከ2,800 በላይ ሕፃናት የተካተቱበት ጥናት፣ የአውሮፕላን ድምፅ በጨመረ መጠን የልጆቹ አንብቦ መረዳት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሙኒክ ደግሞ በ1992 እ.ኤ.አ. ኤርፖርቷን ስታዛውር፣ አሮጌው አጠገብ የነበሩት ልጆች ንባባቸው ተሻሻለ፣ አዲሱ የመጣባቸው ደግሞ ወደ ኋላ ቀሩ። ለመዱት የተባለው እንግዲህ ይህ ነው።

«እኛ ጋ ኤርፖርት የለ፣ ምን አስጨነቀህ?» አዎ፣ የሰሜን ወሎው ላሊበላ ነው፤ ወልድያዎች ወይ እዚያ ወይ ኮምቦልቻ ነው የሚሳፈሩት። ግን መጨነቅ አሁን ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል። ወሎ ተራራ ነው፤ ሜዳ በስንት መከራ ይገኛል። ሐብሩ ወረዳ ቆላው ላይ ያለችውን ሜዳ እርሻውም፣ መንገዱም፣ ገበያውም ይፈልጋታል፤ ነገ ኤርፖርት ቢመጣም ዓይኑን የሚጥለው እሷ ላይ ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ ትምህርት ቤት ከማኮብኮቢያ በሁለት ማይል ውስጥ ሊሠራ ከታሰበ፣ ቦታው ሳይገዛ በፊት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ እንዲመረምረው ያዛል። የሚቆጥረውም የተሠራውን ማኮብኮቢያ ብቻ አይደለም፤ በኤርፖርቱ ፕላን ላይ ገና የተሰመረውንም ጭምር ነው። ማዘጋጃ ቤቶቻችንም ቦታ ከመምራታቸው በፊት ይህን መጠየቅ አያቅታቸውም፤ አንድ ካርታና አንድ ማስመሪያ ይበቃል።

አንዲት እናት ግን «ትምህርት ቤቱ ከራቀ ልጄ በእግሯ አትዘልቀውም» ካለችኝ ዝም ብዬ እሰማታለሁ። የእሷ እውነት ነው፤ በተለይ ለሴት ልጅ። ለእሷ የምመልሰው ይህን ነው፦ መራቅ ብቻ አይደለም መፍትሔው፣ መስመሩን መሸሽ ነው። አደጋው የሚከማቸው ከማኮብኮቢያው ሁለት ጫፎች ወዲያ፣ አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ በሚመጣበትና በሚወጣበት ቀጥታ መስመር ላይ ነው። ወደ ጎን ገለል ያለ ቦታ፣ ርቀቱ ያው ሆኖ እንኳ፣ ስጋቱ ብዙ ይቀንሳል። ማስመሪያውን ማኮብኮቢያው ላይ አጋድሙና ከሁለቱም ጫፍ አስረዝሙት፤ መስመሩ የነካውን መሬት ለእርሻ ተዉት፣ ልጅቷን ግን ከመስመሩ ጎን፣ ከሰፈሯ አጠገብ አስተምሩልን።