የዋሲካው ደጋን በፋሲካ

ያገሬ ሰው ሚኒሶታ መጥቶ የሚሰበስበው ነገር የታወቀ ነው፤ ጃኬት፣ ዕዳ፣ የሰርግ ጥሪ። እኔ አሮጌ ደጋን እሰበስባለሁ። ይህን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ምን ታድንበታለህ?» ብሎ ነው። ምንም። አጋዘን ጓሮ ገብታ የባለቤቴን ጎመን ስትግጥ እንኳ በመጥረጊያ ነው የማባርራት። ቀጥሎ «ስንት ያወጣል?» ይመጣል። እዚህ ላይ መልሴ ጠያቂውን ቅር ያሰኘዋል፤ የኔዎቹ ብዙም አያወጡም።

የሚያወጡትማ አሉ። ፍሬድ ቤር ሚሺጋን ውስጥ ግሬሊንግ ላይ ያሠራቸው የነበሩት «ኮዲያክ» እና «ግሪዝሊ» ሰብሳቢ ሁሉ የሚሻማባቸው ናቸው። እጀታቸው ላይ የተቀበረችውን ክብ ሜዳሊያ አይቶ፣ ከምን ብረት እንደተሠራች ለይቶ፣ ዘመናቸውን የሚናገር ሰው ሞልቷል። እንዲያ ያለውን ደጋን ለመግዛት ገንዘብ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ምርምሩን ሌላው ጨርሶታል፣ ለኔ የተረፈ ነገር የለም።

እኔን የሚስቡኝ ስማቸው የደበዘዘው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ደጋን ያልሞከረ ማን አለ? ካላማዙ የነበረው ሼክስፒር የተባለው የዓሣ ማጥመጃ ፋብሪካ ሠርቷል (መሥራቹ በእርግጥም ዊልያም ሼክስፒር ይባል ነበር፤ ተውኔት ግን አልጻፈም)። መሣሪያ ሠሪው ኮልት ሳይቀር ገብቶበታል። ዴሞን ሃዋት ያኪማ፣ ኧርኒ ሩት ቢግ ራፒድስ፣ ቦብ ሊ ደግሞ ጃክሰንቪል ቴክሳስ ላይ «ዊንግ» የሚለውን ስም ይዞ ይሠራ ነበር። በኋላ ሆሌስ ዊልበር አለን የሚባል የሚዙሪ ሰው ጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው ደጋን ፈለሰፈና በ1969 የፈጠራ መብቱን አገኘ። አዳኙ ሁሉ ወደ መዘውሩ ሲዞር የድሮው ገበያ ቀዘቀዘ፤ ብዙው ደጋንም ወደ ምድር ቤት ወረደ። እኔ የማገኘው እዚያ ነው።

ከሁሉም ለሄርተር አዳላለሁ። ዋሲካ ከሚባል የሚኒሶታ ከተማ በካታሎግ እየሸጠ የኖረ ቤት ነበር። የቤቱ ጌታ ጆርጅ ሄርተር ዕቃውን ሲያወድስ ኀፍረት አያውቅም ነበር፤ መንጠቆውም፣ የዳክዬ ማታለያውም፣ ደጋኑም እሱ ዘንድ በዓለም አንደኛ ነው። በ1960 ባወጣው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ደግሞ ድንግል ማርያም ስፒናች በጣም ትወድ እንደነበር ጽፏል። ይህን ለእናቴ በስልክ ብነግራት ዝም ብላ ቆየችና «ማን ነገረው?» አለችኝ። ስለዚህ የሰውየውን ደጋን ስገዛ የሚለውን ሁሉ ወደ ጎን ትቼ እንጨቱን ነው የማየው።

እና ዋሲካ አካባቢ አንድ የሟች ቤት ዕቃ ሽያጭ ሄድኩ። ምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ሄርተር ተሰቅሏል፤ አውታሩ ግን በተቃራኒው ወገን ታስሯል። ይህ ደጋን፣ ሪከርቭ የሚሉት፣ ሳይወጠር ጫፎቹ ከተኳሹ ርቀው ወደ ፊት ይቆለመማሉ፤ የማያውቅ ሰው ድሮውንም ወዳዘነበለበት ያጥፈውና ያስረዋል፣ ከእጀታው ወዲህና ወዲያ ያለውን ክንፉንም ይጎዳዋል። ስፈታው የቤቱ ልጅ መጣች። «ባለቤቴ እኮ ለማሳመር ብሎ ነው የወጠረው» አለች፣ ግድግዳዋን ያፈረስኩባት ያህል እያየችኝ።

ባትሪዬን ከጎን አበራሁበት። መስተዋት መሳዩ ፋይበርግላስ ላይ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች አሉ፤ ጥፍሬን ስጎትትባቸው ግን የሚይዝ የለም፣ እንዲያ ከሆነ ብዙ አያሰጋም። አንዱን ጫፍ ዓይኔ ሥር አድርጌ ወደ ሌላው አነጣጠርኩ፤ ክንፉ አልተጠማዘዘም። ከእጀታው ዝቅ ብሎ በቀጭን ብዕር በእጅ የተጻፈ አለ፤ በ28 ኢንች 45 ፓውንድ፣ ማለትም 28 ኢንች ድረስ ሲሳብ የሚጠይቀው ጉልበት። የአምስቷ አንገት ከሌሎቹ ቁጥሮች ረዝሟል። ሄርተር ስሙን በማኅተም ነው ያሳረፈው፤ ይህችን አምስት ግን አንድ ሠራተኛ ደጋኑን ሚዛን ላይ ስቦ፣ ተጎንብሶ ጻፋት። ስሙን ማንም የማያውቀው ይኸ ሰው ነው እኔን መንገድ ለመንገድ የሚያዞረኝ። 40 ዶላር ከፈልኩ።

ፋሲካ ደረሰና ቤቱ ሰው ሞላ። ልጆቹ ካላየን ስላሉ ደጋኑን አወረድኩ። አማቴ አየት አድርገው «ይሄማ የጥጥ መንደፊያ አይደል?» አሉና ወደ ቡናቸው ተመለሱ። እኔ በመወጠሪያ ገመዱ በወጉ ወጥሬ አሳየኋቸው። ከዚያ የባለቤቴ አጎት እጃቸውን ዘረጉ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ያለ ፍላጻ እንዳይለቁት።»

«ልጄ፣ እኔ ጦር ሜዳ የዋልኩ ሰው ነኝ» አሉኝ።

ደጋን ተስቦ በባዶው ሲለቀቅ ፍላጻው ይዞት ሊሄድ የነበረው ጉልበት መውጫ ያጣና ወደ ክንፎቹ ይመለሳል። ይህን ላስረዳ አፌን ስከፍት ጋሼ እስከ ጆሯቸው ስበው ነበር። ጧ! የላይኛው ክንፍ ለሁለት ተሰበረ፣ አንድ ስንጥር ድፎ ዳቦው ላይ ተሰካ፣ አማቴ አማተቡ። ጋሼ ጣታቸው እንኳ አልተጫረም። እጃቸው ላይ የቀረውን አገላብጠው አዩና «የፈረንጅ እንጨት!» ብለው አቀበሉኝ።

እንግዳው ከሄደ በኋላ ስብርባሪውን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩት። እውነቱን ለመናገር ካዘንኩት ይልቅ ያየሁት በለጠብኝ። በሁለት የፋይበርግላስ ሉሆች መሃል፣ ወደ ጫፍ እየሳሱ የሚሄዱ የሜፕል እንጨት ንጣፎች ተደራርበዋል። እንጨቱ ራሱ ተቦጭቋል፤ ሙጫው ግን አንድም ቦታ አለቀቀም። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ተገልብጦ ታስሮ ከርሞ፣ መጋጠሚያው እንዳለ ነው። ያ ጉረኛ ካታሎግ ቢያንስ ሙጫው ላይ አልዋሸም።

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ግቢ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ጋሼ ስለሰበሩት ደጋን ይተርክልኝ ጀመር። የማን እንደነበረ አልሰማም። የመሳቢያ ጉልበቱ 80 ፓውንድ ደርሷል።