የሌለችው አክስት፦ ብቻዋን ስለምትጓዝ ሴት የተደረገ የቃሊቲ ጥናት

ዓለምን ብቻዋን ስለምትዞር ሴት በሌላው አገር መጽሐፍ ተጽፏል፣ ፊልም ተሠርቷል። የእኛ ጥናት የተካሄደው ቃሊቲ መናኸሪያ ነው። ቦታው የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። ወደ ቢሾፍቱ፣ ሞጆና አዳማ የሚወጣ መንገደኛ የሚሳፈረው ከዚህ ነው፤ ባቡሩም ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ የሚያበቃው እዚሁ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ውጭ አገር ነው ማለት ይቻላል። ደግሞም አዲስ አበባ ውስጥ «ቃሊቲ» ሲባል የሰው ልብ ቀድሞ ወኅኒ ቤቱ ጋ ስለሚሄድ ነፃነትን ለማጥናት ይመቻል። ለጥናቱ የተያዘ በጀት አለመኖሩም በምርጫው ላይ የተወሰነ ተጽዕኖ አድርጓል።

ቀደምት ጽሑፎችን መቃኘት ወግ ነውና ከክብረ ነገሥት እንጀምር። ንግሥት ማክዳ ኢየሩሳሌም የሄደችው፣ ነጋዴው ታምሪን የሰሎሞንን ጥበብ ሲያወራላት ሰምታ ጥያቄ ልትጠይቅ ነው። ከዚህ የጸዳ የጉዞ ምክንያት አላገኘንም። ሆኖም 797 ግመል አስጭናለች፤ 797 ግመል ያስከተለን ሰው ብቻውን ሄደ ማለት ያስቸግራል። ከዚያ ሁሉ ጥያቄና መልስ ደግሞ ሕዝቡ አንዱንም አልያዘም። የያዘው አርግዛ መመለሷን ነው።

የቡልጋዋ ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ትዳሯን ትታ ጣና ዳር ጓንጉት ድረስ ሄዳለች። ገድሏ እንደሚተርከው ፈጣሪንና ሰይጣንን ልታስታርቅ አስባ ሲኦል ወርዳለች፤ በርቀት ከዚህ የሚበልጥ ጉዞ ያደረገች ኢትዮጵያዊት በመዝገባችን የለችም። እዚያም ቢሆን ብቻዋን አልተላከችም፤ ቅዱስ ሚካኤል አብሯት ነበር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወለተ ጴጥሮስ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ የንጉሡ ሹም የነበረውን ባሏን መልክአ ክርስቶስን ጥላ ወጣች። ባሏ ወታደር አሰልፎ ፈለጋት። የዛሬው ባል ስልክ ይደውላል፤ ልዩነቱ የቴክኖሎጂ ብቻ ነው።

አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊም አለች። በ1959 ዓ.ም. ከምፅዋ ተነሥታ፣ ብዙውን መንገድ ጆክ ከተባለ በቅሎ ጋር፣ ተራራውን ሁሉ አቋርጣ አዲስ አበባ ገብታለች፤ በመንገድ ተዘርፋለች፤ መጽሐፍም ጽፋለች። ለጥናታችን ግን ናሙና አትሆንም። ፈረንጅ ያለ ምክንያት መንከራተቱ በአገራችን እንደ ተፈጥሮ ጠባይ የተመዘገበ ስለሆነ «ለምን?» ብሎ የሚያስጨንቀው የለም። ጥያቄው የሚጠብቀው የአገር ልጅን ነው።

ሕጉንም አይተናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ አለቃ ባል ነው፣ መኖሪያውንም የሚመርጠው እሱ ነው ይል ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ። ማሻሻያው እስካሁን ለአውቶቡስ ረዳቶች አልደረሳቸውም።

አሁን ወደ መስክ እንውጣ። የምናጠናት ተጓዥ በዕድሜ ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ናት፤ በጀርባዋ ቦርሳ፣ በእጇ የፕላስቲክ ውኃ፣ በፊቷ ምንም ዓይነት ኀዘን የለም። የመጨረሻው ምልክት ወሳኝ ነው። ኀዘን ቢኖር ኖሮ ለቅሶ እየሄደች ነው ተብሎ መንገድ ይለቀቅላት ነበር። በአሮጌው መንገድ አዳማ የሚሄደው ቅጥቅጥ በር ላይ ደረሰች።

«ስንት ሰው?» አለ ረዳቱ።

«አንድ።»

ረዳቱ በትከሻዋ አሻግሮ አየ። «ሌላው እየመጣ ነው?»

«አንድ ነኝ።»

«በቃ ግቢ። እማማ ጋ ተቀመጪ።»

እማማ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ዘንቢላቸውን ወደ እግራቸው ስበው ቦታ ሰጧት። ከዘንቢሉ ቆሎ ወጣ። በዚህ መስመር ምርመራ የሚከፈተው ሁልጊዜ በቆሎ ነው፤ ዘግኖ ዝም ማለት ነውር ስለሆነ ተመርማሪዋ ከመጀመሪያው እፍኝ ጀምሮ ባለዕዳ ናት።

«የት ነሽ፣ የኔ ልጅ?»

«ቢሾፍቱ።»

«ማን አለሽ እዚያ?»

«ማንም።»

«ሥራ ነው?»

«አይ፣ ዝም ብዬ ነው። ሐይቁ ጋ ቁጭ ብዬ ማታ እመለሳለሁ።»

እማማ ቆሎ ማኘካቸውን አቆሙ። ከፊት ያለው ሰውዬ ዞር አለ። «ዝም ብሎማ ሰው አይሄድም» አሉ እማማ፣ ለእሷ ሳይሆን ለተሳፋሪው። ከኋላ ወንበር አንድ አባት ሆራ ሐይቅ በጣም ጥልቅ መሆኑን ማንም ሳይጠይቃቸው ተናገሩ። ሌላዋ እናት ክንዷን ዳበስ አድርገው «አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል» አሏት። ምን እንደሚያልፍ አልተገለጸም። ቱሉ ዲምቱን ሳያልፉ ልጅቱ በአውቶቡሱ ሙሉ ድምፅ የታመመች፣ የተከዳች ወይም ከቤት የጠፋች ሆና ነበር፤ የተመዘገቡት ግምቶች እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ደስ ብሏት ሊሆን ይችላል የሚል አራተኛ ግምት የሰነዘረ የለም።

አክስቲቱ የተወለደችው በዚህ ጊዜ ነው።

«አክስቴም እዚያ አለች» አለች ልጅቱ፣ በመስኮቱ እያየች።

«እንዴ! እንዲህ በይና!» አሉ እማማ፤ አውቶቡሱ በሙሉ ተነፈሰ። ሰውየውም ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ።

የሌለችው አክስት እስካሁን በምሁራን ዘንድ ተገቢውን ትኩረት አላገኘችም። የምትኖረው ዘወትር መንገደኛዋ በምትሄድበት ከተማ ነው። ሁልጊዜ ትንሽ ያማታል፤ አዳማ ላይ ደም ግፊት፣ ሐዋሳ ላይ ስኳር። ሞት ግን አይፈቀድላትም፤ ከሞተች ለቅሶው የት እንደተቀመጠ ይጠየቃል። ላንጋኖ ላይ አክስት ማኖር ልምድ ይጠይቃል፤ ሐይቁ ዳር ያለው በአብዛኛው ሪዞርት ስለሆነ አስተዋይ ተጓዥ አክስቷን ባቱ ታደርግና ቀሪውን መንገድ በዝምታ ትሸፍነዋለች። ለምን አጎት አልሆነም? አጎት ከሆነ «ለምን መጥቶ አልወሰደሽም?» ይመጣል። ጓደኛ ከተባለ ወንድ ነው ሴት የሚለው ይከተላል። እናትና እኅት በቀላሉ ይጣራሉ። አክስት ብቻ ናት ማስረጃ የማትጠየቅባት። ስሟን እንኳ የሚጠይቅ የለም።

አጥኚው ነገሩ የተገለጠለት ቃሊቲ ጉምሩክን እያየ ነው። የሚገባ ዕቃ ዲክላራሲዮን ካልተሞላለት ዕቃው ንጹሕ ቢሆንም ይቆማል፤ ሲሞላለት ይለቀቃል። አክስት የሴት ልጅ ዲክላራሲዮን ናት።

ከዚህ በመነሣት የቃሊቲ ሕግ ብለን የሰየምነውን ግኝት እናቀርባለን፦ የጥያቄው ብዛት የሚያድገው ከመንገዱ ርዝመት ጋር ሳይሆን ከተጓዧ ደስታ ጋር ነው። ሕጉን ለመፈተን ረጅሙን መንገድ እንውሰድ። ከዚሁ ከአቃቂ አውሮፕላን በሰማይ ከማየት በቀር ተሳፍራ የማታውቅ፣ ዓረብኛ የማትሰማ ልጅ ብቻዋን ቤሩት ወይም ሪያድ ስትሄድ ቡና ይፈላል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ቦሌ ድረስ ይሸኛታል። «ብቻሽን?» የሚል የለም። የምትሄደው ወደማታውቀው ሰው ቤት ነው፤ ፓስፖርቷን አሠሪዋ ሊይዝባት ይችላል፤ ይህን ሰፈሩ ያውቃል። በ2006 ዓ.ም. መንግሥት ለሥራ ወደዚያ መሄድን አገደ፤ በዚያው ዓመት ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ዜጎች ተመለሱ። ጉዞው በሌላ በር ቀጠለ። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለመሄድ 8ኛ ክፍል ማጠናቀቅን ጠየቀ። ቢሾፍቱ ለመሄድ አክስት ያስፈልጋል። 8ኛ ክፍል ይቀላል።

ሕጉ በነጋዴዋም ላይ ይሠራል። ዱባይና ጓንዡ እየተመላለሰች ዕቃ የምታመጣው ሴት በምልክትና በካልኩሌተር ተከራክራ፣ ሻንጣዋን በፕላስቲክ አስጠቅልላ ትመለሳለች፤ የዞረችው አገር ከብዙ ዲፕሎማት ይበልጣል። «ሄደሽ ምን አየሽ?» ተብላ አታውቅም፤ የምትጠየቀው «ስንት ገባ?» ነው። እሷም ብትሆን በአንድ ሌሊት ከሆቴሏ ወጥታ ወንዙ ዳር ቆማ መብራቱን እንዳየች ለባሏ አትነግረውም። የሚያስቀይም ነገር ኖሮት አይደለም። በደረሰኝ የማይወራረድ ነገር ስለሆነ ነው።

ጥናቱ እዚህ ላይ ሊዘጋ ሲል አንድ ያልታሰበ መረጃ ገባ። ዱከምን እንዳለፉ ልጅቱ በወጉ «እማማስ ወዴት ነዎት?» ብላ ጠየቀች።

«ቁልቢ» አሉ። «ስለት አለብኝ።»

ወሩ መጋቢት ነበር። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 እንደሚውል በዚያ አውቶቡስ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። አንድም ሰው አልዞረም። ሰውዬው እንዲያውም «ይድረስልዎ» አላቸው።

«ከማን ጋር ነው የሚሄዱት?»

እማማ በጣታቸው ወደ ላይ ጠቆሙ። ከዚያ እንደ ቀልድ ቆጠሩላት። አምና ግሸን፤ ካቻምና አክሱም ጽዮን፤ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ኢየሩሳሌም፣ ዴር ሡልጣን ድረስ። ለአዳማ የሚከፍሉት፣ ከዚያ ጭሮ የሚያድሩበት፣ እግራቸው ሲያብጥ ውኃ የሚያሞቅላቸው ሰው ቤት ሁሉ በቃል ተይዟል። ዕጣንና ጧፍ ያለበት ያው ዘንቢል ውስጥ፣ ከቆሎው ሥር፣ ለመንገድ የሚሆን ሁለተኛ ጫማ ይታይ ነበር። ልጆቻቸው «እማዬ የት ሄደች?» ሲባሉ «ስለቷን ልታደርስ» ይላሉ፤ ጎረቤት በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። ለማን ተሳሉ፣ ስለ ምን ተሳሉ፣ ስንት ስለት ቀራቸው፣ ይህን የመጠየቅ ሥልጣን ያለው አካል የለም። አጥኚው ከማክዳ ወዲህ ያሉትን መዛግብት ሲያገላብጥ የፈለጋት ሴት ቆሎ እያቀረበችለት ከአጠገቡ ተቀምጣ ኖሯል።

ቢሾፍቱ ሲደረስ ረዳቱ «ወራጅ አለ!» አለ። ልጅቱ ቦርሳዋን አንሥታ ጉልበት ሳመች። እማማ እጅጌዋን ያዝ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አሏት፦

«አክስት አታዋጣሽም፣ የኔ ልጅ። አንድ ቀን ሰፈርተኛዋ እዚሁ አውቶቡስ ውስጥ ይገኛል። ሁለተኛ ስትመጪ ስለት አለብኝ በይ።»