«ማሽኑ እንቢ ብሏል»

የላሊበላን ሆቴሎች በር ልብ ብሎ ያየ ሰው የቪዛና የማስተርካርድ ምልክት መስተዋቱ ላይ ተለጥፎ ያገኛል። ፀሐይ አንጥቶት ሰማያዊው አመድ መስሏል፤ ግን አለ። ማሽኑም አለ። የሚኖረው መሳቢያ ውስጥ፣ ከአሮጌ ደረሰኝ ጥራዝ ሥር ነው እንጂ።

ለገና ከቨርጂኒያ የመጣ ወገናችን ሒሳብ ሊከፍል ካርዱን መዘዝ ሲያደርግ እንዲህ ያለ ወግ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ማሽኑ እንቢ ብሏል።»

«ትናንትም እንደዚሁ ነበር እኮ ያላችሁኝ!»

«የትናንቱ ኔትወርክ ነው ጋሼ። የዛሬው ማሽኑ ነው።»

«ነገስ?»

«ነገማ እሑድ ነው።»

ሰንበት የሚያከብር ማሽን ከላስታ ሌላ የት እንዳለ አላውቅም።

ሁሉም ሰበብ ነው ማለት ግን ግፍ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ከተማዋ በጦርነት ስትያዝ ባንኩም መብራቱም ጠፍቶ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። እውነተኛው «ኔትወርክ የለም» ለሐሰተኛው ጥሩ መሸሸጊያ ሆነለት።

ደግሞ ባለሆቴሉ ሒሳብ ያውቃል። እንግዳው በካርድ 100 ዶላር ቢከፍል፣ ባንኩ ኮሚሽኑን ቆርጦ ቀሪውን በብር ያስገባለታል። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ባንክ ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲሰጥ፣ ጥቁር ገበያው ከ100 ብር በላይ ይከፍል ነበር። ያን ጊዜ ካርድ መቀበል የገቢን ግማሽ ወዶ እንደ መተው ነው። ማሽኑ ጤነኛ ቢሆን ነበር የሚገርመው።

አሁን ልዩነቱ የዚያን ያህል የከፋ አይደለም፤ ማሽኑ ግን አልተሻለውም። ምክንያቱን ብትጠይቁ «ኮሚሽኑ ነዋ!» ትባላላችሁ። እኔን የገረመኝም፣ የታዘብኩትም እዚህ ላይ ነው። እንግዳ ይዞለት ለመጣ ሰው ከዚያ በእጅጉ የሚበልጥ ገንዘብ በፈገግታ የሚያስጨብጥ ባለሆቴል፣ ባንኩ ለሚቆርጣት ጥቂት ፐርሰንት እንቅልፍ ያጣል። ነገሩ ወዲህ ነው፤ የአምጪው ድርሻ ከእጅ ወደ እጅ ነው፣ ወረቀት አያውቀውም። ካርዱ ግን ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሳንቲሙን መዝግቦ ያስቀምጣል። ገቢዎች አንድ ቀን ብቅ ቢል ሳይቀጥፍ ይናገራል።

ባለካርዱም ከትዝብት አያመልጥም። ራት ላይ ካርዱን ከፍ አድርጎ እያሳየ፣ «በከፈልኩ ቁጥር ነጥብ ይጠራቀምልኛል፤ የከርሞውን ቲኬት በነጻ ነው የምቆርጠው» ይላል። ነጻ! እሱ በሚኖርበት አሜሪካ ነጋዴው በካርድ ከተከፈለው 100 ዶላር ላይ 2 ወይም 3 ዶላር ገደማ ይቆረጥበታል። ከዚያ ትልቁን ድርሻ የሚያነሳው ካርዱን የሰጠው ባንክ ነው፤ ነጥቡም የኤርፖርት ማረፊያውም የሚደገሰው በዚሁ ነው። ባንኩ በሰው ጋን ጠላ ጋባዥ ነው ማለት ነው። ነጋዴው ደግሞ የተቆረጠበትን መልሶ ዋጋው ላይ ይጭናል። ዋጋው ለካርድም ለጥሬ ገንዘብም አንድ ስለሆነ፣ ካርድ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ለባለካርዱ ቲኬት ያዋጣል። ከሩቅ በእግሩ መጥቶ በቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ» ሲዘመር ያዳመጠ ገበሬ፣ ወጣ ብሎ ሻይ ሲጠጣ ከዚህ መዋጮ የሚተርፈው የላስታው ማሽን መሳቢያ ውስጥ ስለተኛ ብቻ ነው። ሳያስበው ጽድቅ ሠራ።

በኮሚሽን መማረር ግን በላሊበላ አልተጀመረም። ቦስተን ላይ እ.ኤ.አ. በ1991 የምግብ ቤት ባለቤቶች የአሜሪካን ኤክስፕረስ ኮሚሽን በዛብን ብለው አመፁ። በግልጽ «አንቀበልም» አሉ እንጂ ማሽኑን አላሳመሙትም፤ ኩባንያውም ኮሚሽኑን ለመቀነስ ተገደደ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሕግ ካርድ ሰጪው ባንክ የሚወስደውን በዴቢት 0.2፣ በክሬዲት 0.3 በመቶ ላይ ገደበው። አውስትራሊያ ቀደም ብላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 እንዲሁ ስታደርግ ባንኮቹ ነጥቡን አሳነሱ፣ የካርዱን ዓመታዊ ክፍያ ጨመሩ። ጋኑ ሲጎድል ዋንጫው አነሰ።

እናንተ ባለሆቴሎች፣ ከሁለት አንዱን አድርጉ፤ ወይ ማሽኑን ከመሳቢያ አውጡት፣ ወይ ምልክቱን ከበሩ ፋቁት። ኮሚሽኑ ከከበዳችሁም «በጥሬ ለሚከፍል ይህን ያህል ይቀነሳል» ብላችሁ ጻፉበት፤ ነውር የለበትም። ለገና የምትመጡ ወገኖች ደግሞ ጥሬውን አዲስ አበባ ሳላችሁ ያዙ። ኤቲኤም ፍለጋ ዳገት ስትወጡና ስትወርዱ ክብረ በዓሉ እንዳያመልጣችሁ።