ወረፋ የማያስጠብቅ ጉንፋን

«እትዬ፣ የግል ሐኪም ያዝኩ!»

«ምን ሰርቆህ ነው የያዝከው?»

«ኧረ እኔ ነኝ የምከፍለው! በዓመት 2,400 ዶላር። በፈለግኩት ሰዓት ብደውል ያነሳል።»

«እኔ የወለድኩት አያነሳም፤ ያንተው የተከፈለው ያነሳል። ለመሆኑ ደውለህ ታውቃለህ?»

«እስካሁን አልታመምኩማ።»

«እንግዲያው ሁለት ሺ አራት መቶ የከፈልከው ለሰላምታ ነው።»

ቦታው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሐበሻ ካፌ ነው። ልጁ ሪልተር ነው፤ ገና ጎልማሳ፣ ጂም የሚሠራ፣ በሽታ በሩቁ የሚሸሸው። እትዬ ጡረተኛ ናቸው። ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው፤ ምላሳቸው ግን ፍጹም ጤነኛ ነው።

ነገሩ ለአሜሪካ እንግዳ አይደለም። ኮንሲየርጅ የሚሉት ይህ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1996 ሲያትል ላይ ኤምዲ ስኩዌርድ በተባለ ድርጅት ተጀመረ። ከመሥራቾቹ አንዱ ዶክተር ሃዋርድ ማሮን የሱፐርሶኒክስ ቅርጫት ኳስ ቡድን ሐኪም ነበር። ተጫዋች ባነከሰ ቁጥር ሐኪም ከጎኑ ይገኛል፤ ገንዘብ ያለው ሰውስ ባስነጠሰ ቁጥር ለምን አይገኝለትም?

«ተጫዋቹስ በጉልበቱ ነው የሚበላው» አሉ እትዬ። «አንተ ቤት ስታሻሽጥ የሚወልቀው ምንህ ነው?»

«ልቤ ነዋ! ወለድ በጨመረ ቁጥር።»

«እሱንማ ባንክ እንጂ ሐኪም አያድነውም።»

መሐል ልግባና ሒሳቡን ልንገራችሁ። ተራው የፕራይመሪ ኬር ሐኪም 2,000 እና ከዚያም በላይ ሰው በስሙ ይዟል። ቀጠሮው ሳምንታት የሚርቀው፣ ከገባችሁም በኋላ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል «ሌላስ?» የሚላችሁ ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ፍሎሪዳ ውስጥ የተቋቋመው የኮንሲየርጅ ድርጅት ኤምዲቪአይፒ በበኩሉ አንዱን ሐኪም ወደ 600 ሰው ላይ ይገድበዋል። ሐኪሙ ያው ሐኪም፣ ኪኒኑም ያው ኪኒን ነው። ገንዘቡ የሚከፈለው ሌላው በሽተኛ እንዳይመጣባችሁ ነው።

«የተረፉትስ ሰዎች የት ይገባሉ?» አሉ እትዬ።

«ሌላ ሐኪም ፈልጉ የሚል ደብዳቤ ይላክላቸዋል።»

እትዬ ቦርሳቸውን ከፍተው አንድ ደብዳቤ ዘረጉለት። ልጁ ፊርማውን አየና ቡናው ትን አለው። የራሱ ሐኪም ነው።

«ለካ ወንበሬን የገዛኸው አንተ ነህ!»

«እትዬ ይሙቱ፣ አላወቅኩም…»

«ግድ የለም። በስኳሬ ያሳደግኩት ሐኪም ነው፤ ደህና አድርገህ ያዘው።»

ልጁ ነገር ለማስቀየስ ስለ ኢንሹራንስ ጀመረ። ባይጀምር ይሻለው ነበር።

«ኢንሹራንሱን ተውከው በለኛ?»

«እሱማ አለ። ሆስፒታል ብተኛ፣ ስፔሻሊስት ጋ ብላክ፣ ያ በኢንሹራንስ ነው። አባልነቱን ኢንሹራንስ አይከፍልም። ሜዲኬርም አይከፍልም።»

«ኮፔዩስ?»

«አንዳንዴ… እከፍላለሁ።»

«ሁለቴ ከፍሎ አንዴ እንኳ አለመታመም! ኧረ ታመምበት፣ ገንዘብህ እንዳይቀር!»

«ግን እትዬ፣ ጤና በገንዘብ አይለካም።»

ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 ጆርናል ኦፍ ሄልዝ ኢኮኖሚክስ ላይ የወጣ ጥናት ወደ ኮንሲየርጅ የገቡ የሜዲኬር ሰዎችን ተከታትሎ፣ ጠቅላላ የሕክምና ወጪያቸው ከ30 እስከ 50 በመቶ መጨመሩን፣ የሚሞቱት ሰዎች ቁጥር ግን በአማካይ አለመቀነሱን ጽፏል። ይህን ስነግራቸው እትዬ አልገረማቸውም። «ሥራ የፈታ ሐኪም ምን ያደርጋል? ምርመራ ያዛላ!»

በኔ ግምት ይህ ገንዘብ የሚያዋጣው ሰው አለ፤ እሱም ሪልተሩ አይደለም። አራት አምስት በሽታ ተሸክሞ አምስት ስፔሻሊስት ጋ የሚዞር፣ አንዱ ያዘዘውን ሌላው የማያውቅለት፣ ልጆቹም ሌላ ስቴት ያሉ ሰው፣ ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ስልክ የሚደውልለት ሐኪም ያስፈልገዋል። አቅም ካለው ይክፈል፣ አልስቅበትም። በእኛ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ላለ ሐኪም የሚቀርቡት እትዬ ነበሩ። ወንበሩ የደረሰው ግን ለጤነኛው ነው።

«ርካሽም አለ እኮ» አለ ልጁ፣ ካሳ የሚከፍል መስሎት። «ዋን ሜዲካል በዓመት 199 ዶላር ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2023 በ3.9 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል፤ የፕራይም አባል ከሆኑ 99 ብቻ።»

«ሐኪሙን ደጅ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ?»

ዳይሬክት ፕራይመሪ ኬር የሚባለውም አለ። ሐኪሙ ከኢንሹራንስ ጋር ጣጣ የለውም፤ ወርኃዊ ክፍያው ብዙ ቦታ ከ100 ዶላር አይበልጥም። እ.ኤ.አ. ከ2026 መግቢያ ጀምሮ ደግሞ ኤችኤስኤ ከሚባለው ከታክስ ነፃ የጤና ቁጠባ፣ ለአንድ ሰው በወር እስከ 150 ዶላር ድረስ ሊከፈልበት ይችላል። ኡበር ለሚነዳ ወገን ይህኛው ሳይሻል አይቀርም፤ ብቻ አምቡላንስ የመጣ ቀን ያ አባልነት ከበር አያልፍም።

ደግሞ ማን ነው ሐበሻ የግል ሐኪም የለውም ያለው? ልቅሶ ቤት አንድ ዶክተር ብቅ ይበል እስኪ። ገና «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ሳይቀመጥ በቀኙ ጉልበት፣ በግራው ጨጓራ ይከበዋል። አንዷ የደም ምርመራ ውጤቷን ከስልኳ እያሳየች ታጉላለታለች። አንዱ አዲስ አበባ ያሉትን የእናቱን ኤክስሬይ በቫይበር አስመጥቶ መብራት ላይ ያነሳዋል። ሟቹ እንኳ ያን ያህል አልታየም።

«እኔ አዲስ ሐኪም እስካገኝ የእህቴ ልጅ አለችልኝ» አሉ እትዬ። «ነርስ ናት። የቤተ ዘመዱን ግፊት በስልክ የምትቆጣጠረው እሷ ናት።»

«በዓመት ስንት ይከፍሏታል?»

«ለፋሲካ ዶሮ ወጥ።»

«እሷስ በዚህ ደስተኛ ናት?»

«ስልኳን ቀየረች።»